የደመና አራት ጡቶች

ያ ዝናብ ባይመጣ ኖሮ ማንም ማንንም አያገኝም ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንዳኮረፈ ሰው ዝም ብሎ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። እማማ ወተቴ በረንዳቸው ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አልተኙም። በእንቅልፍና በንቃት መካከል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ እሳቸው እዚያች ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። እዚያ ሲሆኑ ላማቸው ደመና ክብደቷን ጥላ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ በጣሪያዎቹ ላይ ትንሳፈፋለች። ዛሬ ግን እየራቀች፣ እየራቀች ሄደችባቸው። ቢጠሯት አልዞርም አለች።

ለምን እንደማትዞር ለማወቅ ሕልም ፈቺ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ባለሥጋ ቤቱ መጥቶ ሊወስዳት ነው።

«እማማ ወተቴ» ያላቸው ሰፈሩ ነው። የእሳቸውን ወተት ሳይጠጣ ያደገ ልጅ ስለሌለ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ጠፍቷል፤ እሳቸውም ቢሆኑ አንዳንዴ ማሰብ ሳይኖርባቸው አይቀርም። ደመና ብቸኛ ላማቸው፣ ሥራቸውም ጓደኛቸውም ናት። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ቀኝ የኋላ ጡቷ አበጠ፣ ጠጠረ፣ ሲነኩት ይፋጃል። አሁን ደግሞ ከጎኑ ያለው ጡት መጠጠር ጀምሯል። ደንበኞች «እማማ፣ ወተቱ ቶሎ ይበላሻል» ማለት አበዙ። እሳቸውም ለባለሥጋ ቤቱ ቃል ሰጡ።

«ቤቶች! ትንሽ ብንጠለል?»

ዓይናቸውን ሲገልጡ በዝናቡ የራሱ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። አንዷ መነጽሯ በጉም የተሸፈነ ልጅ ናት። ሌላው የበረንዳውን ጣሪያ በጭንቅላቱ የሚነካ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ወጣት ነው።

«ግቡ፣ ግቡ። እሱን ግን አጥፈሽ አስገቢው፤ ጣሪያዬን እንዳያነሳብኝ» አሉ እማማ ወተቴ።

ባለመነጽሯ ሳቀች። «የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ነን እማማ። በዕረፍታችን ጊዜ በበጎ ፈቃድ ከእንስሳት ጤና ሠራተኞች ጋር እየዞርን እናግዛለን። ወዲያ ማዶ ወዳለው እርባታ ስንሄድ ዝናቡ ያዘን።»

«ለከብት ነው የምትማሩት? እናትሽ ሰው እንድታክሚላት ሳያምራት ቀረ?»

«አምሯት ነበር። አሁን ግን ዶሮዎቿ ሲያማቸው መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ ነው።»

ይህን ጊዜ ደመና ከጓሮ ከበረቱ ጮኸች። አጭር፣ የተቆረጠ ድምፅ ነበር። ባለመነጽሯ ቀና አለች። «ላሟን አሟታል እንዴ?»

«አሟታል። ነገ ትሄዳለች» አሉና እማማ ወተቴ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። የሚሉትን ሁሉ አሉ ማለት ነው። ልጅቱ ግን ዝም በሉ ሲሏቸው ዝም ከሚሉት ወገን አልነበረችም፤ ደግነቱ!

«እስክትሄድ ድረስ ብናያትስ?»

በረቱ ውስጥ ብርሃኑ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች እየገባ፣ በድርቆሹ አቧራ ውስጥ ቀጭን ክር ሆኖ ቆሟል። ደመና ግራጫና ነጭ ናት፤ በዚያ ብርሃን መሃል ስትተነፍስ እውነትም ከሰማይ ተቆርጣ የወረደች ትመስል ነበር። ረጅሙ ወጣት ጎንበስ ብሎ ገባና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በታላቅ አክብሮት «እንደምን አደሩ» አላት።

«ምን አላት?» አሉ እማማ ወተቴ።

«ቋንቋውን ገና እየተማረ ነው። የሚያውቃት ይህቺን ናት፤ ጠዋትም ማታም፣ ለሰውም ለላምም።»

«ተዪው፣ አታርሚው። በዕድሜዋ እንዲህ ያከበራት የለም።»

ባለመነጽሯ ከቦርሳዋ አራት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ያሉት ነጭ ሳህን አወጣች። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ከእያንዳንዱ ጡት ጥቂት ጥቂት ወተት በየጎድጓዳው አለበችና ከአንዲት ጠርሙስ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ከዚያ ሳህኑን በቀስታ ታዞር ጀመር።

«ጨዋታ ነው?» አሉ እማማ ወተቴ። ቢሆንም ሳያስቡት ተጠግተዋል።

የመጀመሪያው ወተት እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። ሁለተኛው ወፈረ። ሦስተኛው፣ ደህና ነው ያሉት ጡት፣ ከሥሩ ትንሽ ጎተት አለ። አራተኛው ብቻ እንደ ውኃ እየፈሰሰ ዞረ። ልጅቱ ሳህኑን ትክ ብላ አየችው።

«እማማ፣ ሲያልቡ በየትኛው ጡት እንደሚጀምሩ ልንገርዎ? በታመመው፣ በቀኝ የኋላው። ከዚያ ግራ የኋላው፣ ቀጥሎ ቀኝ የፊቱ፣ በመጨረሻ ግራ የፊቱ።»

እማማ ወተቴ አፋቸውን ያዙ። «በቀዳዳ ስትሰልዪኝ ነበር እንዴ?»

«ሳህኑ ነው የነገረኝ፤ በሽታው የቆየበት ጡት ወተቱ አብዝቶ ይወፍራል። ለምን በታመመው ይጀምራሉ?»

«ክፉውን አስቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነዋ! መሬት ላይ አፈሰዋለሁ። ከዚያ በዚህ ጨርቅ ሁሉንም ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ደህናውን በሰላም አልባለሁ። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ልጅቱ በምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አንድ ጨርቅ አየች። ቀስ ብላ፣ ትልቅ ሰው ለማስቀየም እንደማይፈልግ ሰው፣ «በሽታው ከመሬት፣ ከእርጥበቱ የመጣ ነው» አለች። «በአንዱ ጡት ገባ። ከዚያ ወዲህ ግን ራሱ አልተራመደም፤ በእጅዎና በጨርቁ ተሳፍሮ፣ እርስዎ በሚያልቡበት ተራ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ሳህኑን ይዩት፣ አንድም አልሳተም።»

«አንቺ ልጅ! አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ አርባ ዓመት አልቤያለሁ!»

«አውቃለሁ፤ ላሟ ሰው ሲነካት አለመደንገጧ የእጅዎን ልስላሴ ይመሰክራል። እማማ፣ በአርባው ዓመት እንዲህ ጡታቸው እየጠጠረ የሄዱብዎ ላሞች ስንት ናቸው?»

እማማ ወተቴ ሊቆጡ ነበር። ጣታቸው ግን ቀድሟቸው መቁጠር ጀመረ። ቀንደ ሰባራዋ። ቀይዋ። ከዚያ የደመና እናት… አውራ ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ። የደመናን እናት ካስወሰዱ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ነበር። ዕድሌ ነው ብለው፣ ዓይን ነው ብለው፣ ሣሩ ነው ብለው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አዩት። በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቁት ሰው እጅ መሰላቸው።

ዝናቡ እየቀጠነ ሄደ። ደመና ምላሷን አውጥታ የተዘረጋውን እጅ ላሰችው፤ እሷ ቂም የሚባል ነገር አታውቅም።

«እና አሁን ምን ይደረጋል?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው አንሶ። «ነገ እኮ ነው የሚወስዳት።»

«ቀኝ የኋላውን ላናተርፈው እንችላለን፤ አልዋሽዎትም። ሦስቱን ግን እንሞክራለን። አብሮን ያለው ሐኪም ነገ መጥቶ መድኃኒት ይሰጣታል። የቀረው የእርስዎ ነው። ከማለብዎ በፊት እጅ በሳሙና። ለእያንዳንዱ ጡት የራሱ ንጹሕ ጨርቅ። በጤነኛው ይጀምራሉ፣ የታመመው መጨረሻ። የእሱ ወተት በዕቃ ይታለብና ከበረቱ ርቆ ይቀበራል። አልበው ሲጨርሱ ድርቆሽ ይስጧት፤ ቆማ እንድትቆይ። የጡቷ ቀዳዳ ወዲያው አይዘጋም፣ ከተኛች ጭቃው ይገባል።»

«ደንበኞቼስ?»

«መድኃኒቱ ከወተቷ እስኪወጣ ድረስ አይሸጥም። እውነቱን ይንገሯቸው።»

«‹እማማ ወተቴ ወተት የለኝም አለች› ሲባል አይታይሽም?» አሉና ሳይፈልጉ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ መቆጣት ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ገና በረቱን ሳይለቅ ባለሥጋ ቤቱ ገመዱን በትከሻው አድርጎ መጣ። እማማ ወተቴ ከደመና ሥር ተቀምጠዋል። አራት ጨርቆች በአራት ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ ከአሮጌ አንሶላ የተቀደዱ ናቸው፤ አንሶላው በዕድሜው እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቶ አያውቅም። እጃቸው በግራ የፊቱ ጡት ላይ ነው።

«እማማ፣ ቃልዎ?» አለ ባለሥጋ ቤቱ፣ ደመናን ቸብ ሊያደርጋት እጁን እየዘረጋ።

«ወግድ! በዚህ እጅህ? መጀመሪያ ታጠብ!»

ባለሥጋ ቤቱ ደንግጦ ታጠበ። ለምን እንደታጠበ ግን አልገባውም።

«ቃሌን አጥፌያለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉት ማለቡን ሳያቋርጡ። «እናቷን የሸኘሁት ሳላውቅ ነው። ይቺን እያወቅሁ አልሸኝም።»

ሐኪሙ መጥቶ መድኃኒቱን ሰጣት፤ ቀኝ የኋላው ጡት እንደተፈራው ደረቀ። ሦስቱ ግን ዳኑ። ወተቱ በተፈቀደ ቀን ደንበኞች ጣሳቸውን ይዘው መጡ፤ ወተቱ እስከ ማታ ሳይበላሽ መቆየቱን ያዩት እነሱው ናቸው። ከዚያ ላም ያላቸው ጎረቤቶች አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። እማማ ወተቴም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ልክ ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል፣ «ጤነኛው መጀመሪያ! ጨርቅ ለየብቻ!» እያሉ ያስተምራሉ። አንዷ ጎረቤት «እኔ እኮ ሁልጊዜ በታመመው ነበር የምጀምረው» ስትላቸው አልሳቁባትም። «እኔም» አሏት፣ እጃቸውን እያሳዩ። «አርባ ዓመት።»

ተማሪዎቹ ዕረፍታቸው አልቆ ሄደዋል። እማማ ወተቴ ግን ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ደመና በጣሪያዎቹ ላይ ትመጣለች፤ አሁን ሲጠሯት ትዞራለች። ጠዋት ጠዋትም፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ውኃው ከክርናቸው ገና እየተንጠባጠበ በረቱ በር ላይ ይቆማሉ። ማንም እንደማይሰማቸው ለማረጋገጥ ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ።

«እንደምን አደሩ» ይሏታል።