ወርዋሪም ዱላ ይያዝ

ክቡራትና ክቡራን፣ የክለባችን ሰዎች፣ ይህን የስንብት ድግስ ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወይዘሮ ኦፓል፣ የጎድን ጥብስሽ ጣት ያስቆረጥማል።

ባለቤትሽ፣ ዋና አሰልጣኛችን ሃርላን ግን ቅድም በር ላይ ይዞኝ፣ «አደራህን፣ ስለዚያ ደንብ አታንሳብን» ብሎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ያሠለጠንኩ ሰው በመጨረሻው ቀን አፌን ልዝጋ? አልዘጋም!

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ወርዋሪው ይወረውራል፤ የመምታት ተራው ሲደርስ ግን ዱላውን የሚይዝለት ሌላ ነው። ያ ምትክ መቺ ደግሞ ሜዳ ገብቶ አይከላከልም፤ መትቶ ይቀመጣል። ሊጋችን ይህን ያጸደቀ ሰሞን ሃርላን ጠራኝ።

«ሎይድ፣ ወርዋሪዎቹን መምታት ማስተማሩ ይብቃህ።»

«ለምን?»

«አንዱ መትቶ ሲሮጥ እግሩን ቢሰብር አንተ ልትወረውርልኝ ነው?»

እውነቱን ነው፣ አልወረውርለትም። ማስተማሬን ግን አልተውኩም። በዚያ በአዮዋ ሐሩር፣ ጠዋት ጠዋት፣ እሱ እያየኝ።

ምትክ መቺያችን ሩፈስ ይስቅብኝ ነበር። ድሮ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልብ ኳስ ያዢ ነበር፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ነው ሜዳውን የተወው። «ኮች፣ ያ ደንብ ባይኖር እኮ ዛሬ ጎማ ሻጭ ነበርኩ» ይለኛል። «ጎማ መሸጥ ምን ነውር አለው?» እለዋለሁ። አትቀየመኝ ሩፈስ፤ እንጀራህን አልጠላም፣ ደንቡን ነው።

ባለፈው መስከረም በጥሎ ማለፉ ጨዋታ የኳስ ያዢያችን ጣት ተሰበረ። በቦታው የሚገባ ከሩፈስ በቀር አልነበረም። ምትክ መቺው ሜዳ ከገባ ደግሞ ምትክነቱ ይቀራል፤ ወርዋሪው ራሱ ይመታል። በመጨረሻው ዙር፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ አንድ ዕድል ብቻ ሲቀረን ተራው የወርዋሪያችን የኦሪን ሆነ። ወንበር ላይ የቀረ መቺ የለም።

ሃርላን ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ከተጋጣሚ ደጋፊዎች አንዱ፣ «ዱላው በየት በኩል እንደሚያዝ ንገሩት!» ብሎ ጮኸ።

ኦሪን አሥራ አንድ ኳስ ገጠመ። ሦስቱን ጠመው ስለመጡ ሳይነካ አሳለፈ። ሰባቱን እየነካ ከመስመር ውጪ አወጣ። የኛ ሰው አንድ በአንድ ከመቀመጫው ተነሣ። ያ ተሳዳቢም አብሮ ተነሣ።

አሥራ አንደኛውን ሳተው። ተሸነፍን።

«እንግዲያ ሃርላን ልክ ነበራ!» ትሉኝ ይሆናል። እኔ የማውቀው ኦሪን ዱላውን እንደያዘ መጥቶ፣ «ኮች፣ የነገው ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?» እንዳለኝ ነው።

«ውድድሩ እኮ አለቀ።»

«እኔ አላለቅኩም።»

በማይችለው ነገር ሺህ ሰው ፊት የማይቆም ሰው ምኑን ተጫወተ? በዚያ ደንብ ላይ ድምፅ ስጥ ብትሉኝ ዛሬም ነገም፣ ብቻዬንም ብቀር፣ እጄ የሚነሣው «አይሆንም» ሲባል ነው!

ሃርላን፣ ስንት ዓመት ተሟገትን፣ ሳንኮራረፍ የዋልንበት ቀን የለም፤ ቢሆንም ወድጄሃለሁ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ሩፈስ፣ ጉልበትህን ይማርልህ። ወርዋሪዎቼ፣ ክንዳችሁ አይዛል። ሁላችሁንም ጤናና ሰላም አይለያችሁ፤ የከርሞው ዋንጫ ወደዚህች ከተማ ይምጣ። አሜን በሉ እንጂ!