ውል ያስከፈተው ሱቅ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አጠገቧ ለተቀመጡ የማታውቃቸው ሽማግሌ ስታወራ ሰማሁ።

«ፍርድ ቤቱ ሱቄን አስከፈተልኝ፣ አባባ! ዛሬ!»

«ማን ዘግቶብሽ ነበር?»

«አከራዬ ነዋ! ሌላ ተከራይ አገኘና ቁልፉን ቀየረብኝ። የስፌት መኪናዬ፣ የሰው የሙሽራ ልብስ፣ ሁሉም ውስጥ ቀረ።»

«ያ ረቢ! ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«የሁለት ዓመት ውል ነበረን፤ ውልና ማስረጃ ሄደንም አስመዝግበነዋል። እሱን ይዤ ከሰስኩ። ዳኛዋ አነበቡትና ‹ጊዜው ሳያልቅ ማንም አያስወጣትም› አሉ። ወላሂ፣ እዚያው ችሎት ውስጥ እልል ልል ነበር!»

«ወረቀቱ ባይኖርሽስ?»

«ሜዳ ላይ ቀርቼ ነበራ!»

ሽማግሌው ‹ሜዳ ላይ…› ብለው ለራሳቸው ደገሙት።

«እርስዎም ተከራይ ነዎት እንዴ?»

«አከራይ ነኝ፣ ልጄ። ሐርቡ ላይ አንዲት ሴት ቤቴን ተከራይታ ዳቦ ትጋግራለች። ውል እንጻፍ ባለችኝ ቁጥር ‹አላመንሽኝም?› እያልኩ እቆጣታለሁ።»

«ውይ አባባ! ዛሬውኑ ይጻፉላታ!»

«እስቲ ደውይልኝ፤ ዓይኔ አያይልኝም። ዘይነባ የሚለው ነው።»

ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ዘይነባ! አብሽሪ፣ ክፉ ነገር የለም። መታወቂያሽን ይዘሽ ጠብቂኝ፤ ውሉን ዛሬ እንጽፋለን… ኧረ ምን ያስለቅስሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ችሎት ላይ ያፈነችውን እልልታ ታክሲው ውስጥ ለቀቀችው።

ኮምቦልቻ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እኔ የሰማሁትን እያሰብኩ ገና ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም ነበር።