በፈረሱ ስም ቅዱልኝ

ይኸውላችሁ፣ ሀና ማርያም አካባቢ ከጋሪ ፈረሶች ደም እንቀዳ ነበር፤ ደሙ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተልኮ፣ ቢንቢ የሚያዛምተው ቫይረስ ዝርያ እንዲለይ ነው። ባለጋሪው ጋሽ ቱፋ ራሳቸው በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ፈረሳቸውን ያዙልን። ሦስት የእንስሳት ሐኪሞች ከብበን የፈረሱን ሙቀት ስንለካ አዩና ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ዶክተር፣ የእኔንም በፈረሱ ስም ቅዱልኝ።»

አለቃችን ተቆጣ። «አባባ፣ የተፈቀደልን ለእንስሳት ብቻ ነው!»

«ታዲያ ፈረሱ ሲያመው ጋሪውን የምጎትተው እኔ አይደለሁ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እጃቸውን ስነካው ግን እንደ ፍም ይፋጃል፤ አፈርኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው፤ ታክመው ዳኑ።

በማግስቱ አለቃዬ ጠርቶ ገሠጸኝ። «በእንስሳት መኪና ሰው አይጫንም!» አለኝ፣ እዚያው መኪና ጋቢና ውስጥ ተደላድሎ።