የተረፈ ክኒን

በእኛ ዘመን ክኒን ብርቅ ነበር፤ ወገቡን የታመመ ወጌሻ ያሸዋል፣ በዋግምት ይታገማል፣ ካልሆነለትም ጠበል ይሄዳል። ታዲያ ክኒን ያገኘ ሰው ሲሻለው የተረፈውን አይጥልም። ጎረቤቱ እየታመመ እንዴት ይጥላል? እና የኛ ቀበሌ ሰው የተረፈውን ሁሉ የሚያመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ለምን እኔ ዘንድ አትሉኝም? አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ መነጽርም አለኝ፣ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ፈሪ መሆኔን ስለሚያውቁ ነው ያመኑኝ።

የብስኩት ቆርቆሮ ነበረኝ። የዚህ የጨጓራ፣ የዚያች የሳል እያልኩ በወረቀት እየጠቀለልኩ እከታለሁ። ለማን ምን እንደሰጠሁም እጽፋለሁ። ተጠንቅቄ፣ ልብ በሉልኝ፣ ተጠንቅቄ ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከበቅሎ ወድቄ ጭኔ ተሰበረ። በቃሬዛ ሰቆጣ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ከፊት ይዞ ያወረደኝ ጎረቤቴ ካሳዬ ነው፣ ይኸ ድንጋይ ጠራቢው። ትራማዶል የሚሉትን ክኒን ሰጡኝ። ሐኪሙም፣ «አባት፣ ይኼ ለብርቱ ሕመም ነው፣ ለእርስዎ ብቻ ነው፣ ከተረፈ ይመልሱልን» አለኝ። እሺ አልኩ። እና እቤቴ ገብቼ ሁለት ዋጥ ያሉኝን አንድ እየዋጥኩ፣ ሕመሙን እየቻልኩ፣ ቆጥቤ ቆጥቤ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት።

በመኸሩ እኔ ምርኩዝ ይዤ ቁጭ ብዬ ጎረቤት በወንፈል ገብሴን ያጭድልኛል። ካሳዬ ወገቡን ይዞ መጣ።

«አያ ገብሩ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ከቆርቆሮው ምን አለዎት?»

የኔን ገብስ እያጨደ ነው የታመመው፣ እንዴት እከለክለዋለሁ? ሁለት ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና የሁለት ሰው አጨደ፣ እየዘፈነ።

«ምን በልቶ ነው ይኼ ሰውዬ?» አሉ አጫጆቹ።

«አያ ገብሩ ያበላኝን ነዋ፣ እናንተ ጠላ ብቻ ጠጡ» አላቸው።

ሳቁ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ መጣ፣ ወገቤ አለ። ሦስተኛ ቀን ትከሻዬ አለ። ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ጥርሴ።

«የትኛው ጥርስህ ነው?» ስለው አፉን ከፍቶ ሁሉንም አሳየኝ። ሰጠሁት። ወረቀቴ ላይም ጻፍኩ፤ ካሳዬ፣ ወገብ፤ ካሳዬ፣ ትከሻ፤ ካሳዬ፣ ጥርስ። እስከ ግርጌው ካሳዬ ነው፣ እኔ ግን አላነበብኩትም። እጽፋለሁ እንጂ አላነበውም።

ታዲያ የኔ አለቀና ከገበያ ይገዛ ጀመር፣ ላስቲክ ዘርግቶ ያለ ሐኪም ወረቀት ከሚሸጥ ሰው። ቀን ያንቀላፋል፣ ገላውን ያካል፣ ሳይውጥ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ያልበዋል። እርከን ሲክብ ከነድንጋዩ ወደቀ። ሚስቱ ዝማም መጣችና ደጄ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት እንቢ አለች።

«አያ፣ ባሌን ከርስዎ ቤት ነው ያጣሁት። እዚሁ ይፈልጉልኝ» አለችኝ።

ይኼን ብላ ሄደች። እኔስ? ሦስት ቀን ቆርቆሮውን አልጋ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ። ለጤና ጣቢያ ብናገር ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ካሳዬ ራሱ መጣ። መዶሻውን ይዟል። ያ መዶሻ የአባቱ ነው፣ ለማንም አያውሰውም፣ ወንድሙ ጠይቆት ከልክሎታል።

«አያ፣ ይኼን ይውሰዱና አንድ ፍሬ ይስጡኝ።»

«የለኝም ልጄ።»

«ቆርቆሮውን ይክፈቱልኝ፣ አንዱን ይስጡኝ፣ የማንም ይሁን፣ የሳልም ይሁን።»

መዶሻውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። ያን ጊዜ መታሰሩ ቀለለብኝ። ቆርቆሮውን በነጠላዬ ቋጠርኩና፣ «መዶሻህን ያዝ፣ ጫማህን አድርግ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። እኔ በምርኩዝ፣ እሱ እያላበው፣ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ያለችው አንዲት ወጣት ነርስ ናት። ወረቀቴን እስከ ግርጌው አነበበችው።

«አባባ፣ ይኼን ሁሉ የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ግን ተጠንቅቄ ነው።»

«ክኒኑን ነው የተጠነቀቁለት። ሰውዬውንስ?»

ነጠላዬን ፈትቼ የቆርቆሮውን ክኒን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት።

አላሰሩኝም። ካሳዬንም አልሰደቡት፣ ይኼ በሽታ ነው፣ ይታከማል አሉት። በራሱ በአንዴ ቢያቆም እንደሚከብደው ነግረው ወደ ሆስፒታሉ ላኩት፣ ሐኪሙም በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰለት። ክኒኑን የምትይዘው ዝማም ሆነች፣ በሐኪሙ ልክ እየሰጠች። ያዛጋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ እኔን ይረግመኛል። አንድ ጊዜም ተመልሶ ከገበያ ገዛ፣ ግን ማታውኑ ራሱ ለዝማም ነገራት። ሐኪሙ መናገሩን ወደደለት፣ መዳኑ ግን ገና ነው አለ፣ ሕክምናውን ቀጠሉ። አሁን ይኸው እርከኑን ይክባል፣ ወገቡ ግን ዛሬም ያመዋል፣ በልክ ይሠራል።

እኔም በማኅበራችን ቀን ተነስቼ ጥፋቴን ተናገርኩ። የተረፈ ክኒን ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደኔ አይምጣ፣ ለጎረቤት የታዘዘ ክኒንም ለናንተ አልታዘዘም አልኩ። አንዳንዱ አኮረፈ፣ ነፈገን አለ። ይበል። ክኒን መስጠት ቀላል ነበር፣ እጄን መዘርጋት ብቻ ነው። ቆርቆሮው አሁን የመርፌና የክር ሆኗል።

(ይኼን ሲያጫውቱን ከመካከላችን አንዱ፣ «አያ፣ እኔ እኮ ጉልበቴን ላማክርዎ ነበር የመጣሁት፣ እንዲያው አንዲት ፍሬ እንኳ አልተረፈችም?» አላቸው። አያ ገብሩ አላመነቱም፣ ምርኩዛቸውን አነሱ። «ጫማህን አድርግ» አሉት። ሳቅን፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።)