ወርቃማ የተቀባው የአባቴ በርጩማ

በእኛ ጊዜ የሰው ዕቃ የተዋሰ ሰው እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሰማችሁ? መጥረቢያ ተውሰህ እንደሆነ ስለህ ነው የምትመልሰው፣ ገንቦ ተውሰሽ እንደሆነ አጥበሽ ነው የምትመልሽው። አሁንማ... ተዉኝ እስቲ! ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ይቺ የልጅ ልጄ ማርታ፣ እዚሁ አማን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እና አምና አስተማሪያቸው «በእጅ የተሠራ ያገር ዕቃ አምጡ፣ ማን እንደሠራው ጽፋችሁ ለኤግዚቢሽን አቅርቡ» አላቸው። ፕሮጀክት ነው የሚሉት። ማርታ የእናቷን ገንቦ ወሰደች። ታዲያ አብራት የምትማር ሳምራዊት የምትባል ልጅ አለች፣ አባቷ ሚዛን ላይ የቀለምና የወንበር ሱቅ አለው፣ እና እነሱ ቤት በእጅ የተሠራ ነገር ከየት ይምጣ? መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ድምፅዋ እንደ ማር!

«አባባ፣ ያንን በርጩማ ያውሱኛል? ለሦስት ቀን ብቻ፤ ሐሙስ ራሴ አመጣዋለሁ።»

ያንን በርጩማ! አባቴ አዳሎ፣ ጌጫ ሳለን፣ ከዋንዛ የጠረበው ነው፤ ሳይጋጠም፣ ምስማር ሳይነካው፣ ከአንድ ግንድ! ከእሱ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም። እምቢ ልላት ነበር። ማርታ ደግሞ ከጓዳ «አባባ፣ ጓደኛዬ እኮ ናት!» ትላለች። እና «እሺ፣ ውሰጂ፤ ግን ማንም እንዳይቀመጥበት፣ ደግሞ የአባቴን ስም ጻፊበት፤ አዳሎ ብለሽ» አልኳት። «እሺ አባባ፣ እሺ!» እሺ አባባ!

ሐሙስ መጣ፣ የለችም። ማርታን ስጠይቃት ዓይኗን ትሰብራለች። ታዲያ ዓርብ በባጃጅ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ኤግዚቢሽኑ ለካ ወደዚያ ቀን ተዛውሮ ኖሯል። ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ያብረቀርቃል! ወርቃማ ቀለም ቀብተውታል፤ ከላይ እስከ ታች! ያ አባቴ ያለሰለሰው፣ ያ ስንት ዘመን በእጅና በጢስ የጠቆረው እንጨት! ወረቀትም ተለጥፎበታል፤ «የሳምራዊት አያት የሠሩት» ይላል። የማን አያት?!

«ማነው ይህን ያደረገው!» ብዬ ጮህኩ። አስተማሪው እየሮጠ መጣና «አባት፣ ይረጋጉ፤ አንደኛ እኮ ነው የወጣው!» ይለኛል። አንደኛ! «ዝም በል አንተ!» አልኩት፤ አዎ፣ አስተማሪውን። ከዚያ ልጅቷን «አያትሽ ከምን እንጨት ነው የጠረቡት? ንገሪኝ!» አልኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም፤ አባዬ ነው። ‹ይህን አሮጌ ነገር ይዘሽ አታዋርጂኝ› ብሎ ቀባው። የተውሶ ነው ስለው፣ ‹ማን ያውቃል? የአያቴ ነው በይ› አለኝ።»

ማን ያውቃል! በርጩማውን ታቅፌ ቀጥ ብዬ ወደ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ደንበኛ ሞልቷል። «ምን በደልኩህ?» አልኩት። ሰውዬው ይስቃል፤ «እንዴ አባባ፣ አሳመርኩልዎ እንጂ! ካልወደዱት ከዚህ ሁለት ወንበር ይውሰዱ፤ ይኸው፣ መደገፊያ ያለው።» መደገፊያ ያለው! «አባቴንስ ከየትኛው መደርደሪያ አውርደህ ትሰጠኛለህ?» አልኩት። በርጩማዬን እንደታቀፍኩ ወጣሁ፤ ብቆይ እመታው ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ!

እሑድ ጠዋት ሳምራዊት መጣች፤ ብቻዋን። የጠርሙስ ስባሪ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። አላናገርኳትም። ደጅ ቁጭ ብላ ቀለሙን ትፍቅ ጀመር፣ ማርታም ወጥታ አገዘቻት፣ እና ሲፍቁ ሲፍቁ ዋሉ፤ የልጅቷ ጣት ደማ። እኔስ ልብ የለኝም? ወጣሁና ስባሪውን ተቀብዬ አያያዙን አሳየኋት፤ አባቴ እንዳሳየኝ አድርጌ። ሁሉም አልለቀቀም፤ አሁንም ስንጥቁ ውስጥ ያ ወርቃማ ነገር አለ፣ ሳየው ያቃጥለኛል። ሰኞ ሽልማቱን መለሰች፣ በወረቀቱም ላይ «አዳሎ» ብላ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጻፈች አሉ፤ ማርታ ናት የነገረችኝ።

«ታዲያ አባባ፣ ይቅር አሏቸው?» ትሉኝ ይሆናል።

ልጅቷን? ያኔውኑ። አባቷን? ኧረ እሱ መቼ ጠይቆኝ! ዛሬም በሱቁ ሳልፍ፣ «አባባ፣ ወንበሩን አይወስዱም?» ይለኛል!