ባንዲራውን የሸፈነው ተራራ

የተጠርጣሪ ቃል መቀበያ
ስም፦ በሰፈሩ «ብሩሹ» በሚል ቅጽል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የታፔላ ሠዓሊ
አድራሻ፦ ከድንጋይ ካባው ሥር፣ የመጨረሻው ረድፍ፣ የቤት ቁጥር 31
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

የካባውን የቆርቆሮ አጥር ማን እንዳፈረሰው ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሥዕሉን የሣልኩበትም እኔው ነኝ።

ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ ድንጋይ ሲፈነቀልበት ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዛሬ ተገምጦ የተተወ ዳቦ መስሏል። አቧራው ከውኃ በርሜላችን፣ ከአልጋ ልብሳችንና ከጉሮሯችን አይጠፋም፤ ፈንጂ በፈነዳ ቁጥር ግድግዳችን ይሰነጠቃል። አቤት ስንል ኖረን ከሦስት ወር በፊት አንድ ኮሚቴ መጥቶ አየና የአካባቢው ገጽታ ተበላሽቷል ብሎ ሄደ። ካባውን የሚያሠራው ድርጅትም አቧራውን ትቶ ገጽታውን ያዘ። በቤታችንና በካባው መካከል ሰማንያ ሜትር የሚሆን ረጅም ቆርቆሮ አቆመ። ሥራ አስኪያጁም ተራራውን ድሮ እንደነበረው አረንጓዴ አድርጌ እንድሥልበት ጠየቀኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ነገሩ እየገባኝ፣ ሥራ ፈትቼ ስለነበር እሺ አልኩ።

በሃያ ሦስት ቀን ጨረስኩ። የማስታውሳቸውን ዛፎች አንድ በአንድ ሣልኩ፤ በላያቸው ሰማይ ቀባሁ። አልዋሽም፣ ኮርቼበት ነበር። በልብስ ስፌት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ግን ከስፌት መኪናዋ ላይ አቧራ እየጠረገች፣ ተራራውን ካቆምከው አይቀር ዝናብም ጨምርበት እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ያላሰብኩት ባንዲራውን ነው። ፈንጂ ሊፈነዳ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ካባው አፍ ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። ሳይረኑ ከተበላሸ ዓመት ስላለፈው፣ እኛ ባንዲራውን አይተን ነው ልጆቻችንን ሰብስበን ቤት የምንገባው። ባንዲራው ይታይበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን የእኔ ሰማይ አለ። እኔ ሞኝ ነኝ እንበል፤ ፈንጂ የሚያፈነዱት ሰዎች እንዴት አላሰቡትም?

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ እህቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። አጥሩ ከቆመ ወዲህ የመጀመሪያው ፈንጂ ፈነዳ። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አጥሩን ተሻግሮ መጥቶ የመኪናውን ፔዳል የምትረግጥበትን ቀኝ እግሯን አደቀቀው። ከዚያ በኋላ የካባው ዘበኛ ፊሽካ እየነፋ ወረደ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሑድ ሐኪሞቹ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ስትነቃ ስለ እግሯ አልጠየቀችኝም፤ ባንዲራው ወጥቶ እንደነበር ነው የጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋት ካባው ድረስ ወጥቼ ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«ኧረ ወጥቶ ነበር፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ። እናንተ አላያችሁትም እንዴ?» አለኝ።

ከቤቴ መዶሻና ፌሮ አምጥቼ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ባንዲራውን የሸፈኑትን አሥራ አንድ ቆርቆሮዎች ነቀልኩ። ሌላውን አልነካሁም። ረዳት አልነበረኝም። መልሰው ቢያቆሟቸው መልሼ እነቅላቸዋለሁ፤ ይኼም ይጻፍልኝ።

ለቆርቆሮው ፖሊስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደርሷል። ስለ ድንጋዩ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ የጠየቀን ሰው የለም። የእህቴ ጉዳት እዚሁ መዝገብ ላይ እንዲገባ ስጠይቅ፣ ይህ መዝገብ የንብረት ጉዳት ስለሆነ ተበዳይዋ ራሷ ጣቢያ መጥታ ማመልከት እንዳለባት ቃል ተቀባዩ ነገረኝ። በየትኛው እግሯ እንደምትመጣ ጠየቅኩት።

ከላይ የተጻፈው በፈቃዴ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ነው። ተነቦልኝ፣ የመጨረሻው ጥያቄዬ እንዳይሰረዝ አሳስቤ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________