ቻርጅ አላደርግ ያለው ታብሌት

ደሴ ሞባይል ስጠግን፣ በኩታበር በኩል ያለ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር «ለሪፖርት የተሰጠኝ ታብሌት ቻርጅ አላደርግ አለኝ» ብሎ አስጠራኝ። ቢሮው ሄጄ ገመድ ብቀይር፣ ቻርጀር ብቀይር፣ መሰኪያውን ብጠርግ፣ ወይ ፍንክች! ጠርጥሬ ማብሪያውን ብጫን አምፖሉ ብልጭም አላለ።

«ጌታዬ፣ እዚህ መብራት የለም እኮ!»

«እንዴት የለም?» ብሎ ተቆጣ። «ምሰሶው ተተክሏል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ እኔው ራሴ መርቄዋለሁ፣ ሕዝቡም አጨብጭቧል!»

«ታብሌቱ ምርቃቱ ላይ አልነበረማ» አልኩት። ወላሂ፣ ፈገግም አላለ።

ታብሌቱን ደሴ ወስጄ ባትሪውን ሞልቼ መለስኩለት። ቢሮው በባለጉዳይ ተጨናንቋል። ታብሌቱን ለሰው እያሳየ፣ ጮክ ብሎ፣ «ጎበዝ! ለመሆኑ ብልሽቱ ምን ኖሯል?» አለኝ።

«የመስመር ችግር ነው» አልኩት። ባለጉዳዩ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በጋቢው ውስጥ ሳቀ።